ከባድነት ለማን ይሠራል? የቪዲዮ ጨዋታዎች አስቸጋሪነትና የጨዋታው ንግድ



ዛሬ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ እንደምናገር ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም፤ አልቀየማችሁም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ መምህር ማታ ማታ ከስክሪን ጭራቅ ጋር ሲታገል ማሰብ ያስቃል። ይሁን እንጂ የማነሣው ጥያቄ ከጨዋታ ያለፈ ነው። አንድ ነገር ሆን ተብሎ ከባድ ሲደረግ ከከባድነቱ የሚጠቀመው ማን ነው?

ከጥንቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ሠራ። ተጫዋቹ ወራሪዎቹን በመታ ቁጥር የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ፍጥነቱ አስቀድሞ የታቀደ አልነበረም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ምስሎች ሲቀንሱለት ማሽኑ ራሱ ይፈጥን ነበር። ኒሺካዶ ጨዋታውን እንዳጣፈጠው ባየ ጊዜ እንዳለ ተወው።

በዚያ ዘመን ጨዋታ የሚገኘው በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ላይ ነበር። በአንዲት ሳንቲም ሰዓታት የሚቆይ ተጫዋች ለባለ ማሽኑ ኪሳራ ነው፤ ቶሎ ተሸንፎ «ተበደልሁ» ብሎ የሚሄደውም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ከባድነት ገና ከጠዋቱ ሁለት ጌቶች ነበሩት፤ አንዱ ጥበብ፣ ሁለተኛው ገቢ። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት በየጨዋታው የምትከፍሉ ተማሪዎቼ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱ ጌቶች በኋላ ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የፍሮምሶፍትዌር «ዳርክ ሶልስ» ተመልከቱ። ተጫዋቹ ሲሞት ያከማቸውን ሀብት በወደቀበት ቦታ ጥሎ ይነሣል። ዳግመኛ ሳይሞት እዚያ ከደረሰ ያገኘዋል፤ በመንገድ ከሞተ ግን እስከ ወዲያኛው ያጣዋል። ሕጉ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን በሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ትኩረት ነው። የተሸነፈ ሰው ቢያንስ የጠላቱን አመታት አጥንቶ ይመለሳል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» እንይ። ጨዋታው በነፃ ይገኛል፤ መልኩም የዋህ ነው። ተጫዋቹ አምስት ሕይወት ይሰጠዋል፤ በተሸነፈ ቁጥር አንዷ ትቀነስበታለች። ሁሉም ሲያልቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ወዳጆቹን ይለምናል፣ ወይም ይከፍላል። እዚህ ላይ ሽንፈት መሸጫ ሱቅ ሆኗል። ይህን የሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን «ፊፋ 18»ን ጨምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ይዘታቸው ሳይታወቅ የሚገዙ ጥቅሎች የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። ብርቱ ቡድን የሚገነባው በልምምድ ብቻ ሳይሆን በዕድልና በገንዘብም ከሆነ፣ ድሃው ተጫዋች የሚሸነፈው በችሎታ ማነስ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሴኪሮ» ሲወጣ ቀለል ያለ ደረጃ ሊኖረው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኔ «ያልቻለ ይተወው» ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔም ጣቶቼም ዘገዩ። «ሴለስት» የተባለውንና ማድሊን የምትባል ወጣት ተራራ የምትወጣበትን ጨዋታ ስጫወት አንድ ቦታ ላይ ለሳምንታት ቆምሁ። ጨዋታው ለሚፈልግ ሰው የሚከፈት የእገዛ ምርጫ አለው፤ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል፤ ክፍያም የለበትም። አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያየኝ፣ እያፈርሁ ፍጥነቱን ቀነስሁ። ተራራው ተራራነቱን አልተወም፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሜ ወድቄአለሁ። ነገር ግን የምሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ለማየት ጊዜ አገኘሁ።

ይህን ስል ጨዋታ ሁሉ ቀላል ደረጃ ይኑረው ማለቴ አይደለም። ደራሲ ከባድ መጽሐፍ የመጻፍ መብት እንዳለው ሁሉ ጨዋታ ሠሪም አለው። የምለው ከባድነትን በመጠኑ ብቻ አንመዝነው ነው። መለኪያው ከሽንፈት በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ምን ተማርሁ? ወይስ ምን ያህል ከፈልሁ?

ይህ መለኪያ እኔንም አይምረኝም። በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የክፍሉ ግማሽ ሲወድቅ የትምህርቱ ጥራት ማረጋገጫ ይመስለኝ ነበር። የፈተናውን ወረቀት አርሜ ውጤት እለጥፋለሁ እንጂ ተማሪው የት ላይ እንደ ሳተ አላሳየውም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ፈተና ከባድ ነበር፤ አስተማሪ ግን አልነበረም። ከተማሪው ውድቀት ያተረፈው የእኔ ዝና ብቻ ነበር።

ከእናንተ መካከል ነገ ጨዋታ የሚሠሩ፣ ፈተና የሚያወጡ፣ መመሪያ የሚጽፉ ይኖራሉ። ከባድ ነገር ለመሥራት አትፍሩ። ነገር ግን የወደቀው ሰው ሲነሣ በእጁ የሚይዘው አንድ ነገር ይኑር።