ዶቅማን ከፍሬው ማብቀል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንዲት ትንሽ ፍሬ ብንናገር እንዳይገርማችሁ እንለምናለን። ዶቅማን፣ በኦሮምኛ በዴሳ የሚባለውን ዛፍ፣ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል ከሥሩ ተሰብስበን አፋችን እስኪጠቁር ድረስ የበላን ብዙዎች ነን። ነገር ግን አንድ ዶቅማ እንኳ ተክሎ ያሳደገ ከመካከላችን ማን ነው? ዘሩን የሚበትኑት ወፎችና ጦጣዎች ናቸው፤ እኛ በላተኞች ብቻ ነበርን።

በልጅነታችን ፍሬ የለቀምንባቸው ዛፎች ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጡ ባየን ጊዜ ግን አዘንን፤ ችግኝ ለማፍላትም ተስማማን። ፍሬውን ለቅመን አጠብን፤ እንደ እህል ዘር በፀሐይ አድርቀን በጣሳ አስቀመጥን፤ ትምህርት ሲከፈትም ዘራነው። ውኃ እያጠጣን ብንጠብቅ ከአረም በቀር የበቀለ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ አፈሩን ወቀስን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ የጎረቤት ዶሮዎችን ወቀስን።

ድካማችንን ያዩ ቡና የሚተክሉ አንዲት እናት፦ «ልጆቼ፣ ይህ እኮ በቆሎ አይደለም፤ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ዓመት አይጠብቅም። ወፍ በልታ የጣለችው ወዲያውኑ ነው የሚበቅለው» አሉን። ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

መምህራችንም ነገሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱን። በቆሎና ጤፍ ደርቀው ቢቀመጡ ሕይወታቸው አይጠፋም። የዶቅማ ዘር ግን እንደ መንጎና እንደ አቮካዶ ዘር በውስጡ ብዙ ውኃ አለው፤ ያ ውኃ ከደረቀ ዘሩ ይሞታል። የቡና ዘር በሁለቱ መካከል ነው፤ በጥላ ደርቆ ጥቂት ወራት ይቆያል እንጂ ብዙ አይታገሥም።

በሁለተኛው ጊዜ ከፍሬው በፊት መደቡን አዘጋጀን። ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን በፕላስቲክ ከረጢት ሞላን፤ በላዩም የሣር ዳስ ሠራን። በስለው የወደቁትን ፍሬዎች ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከልዩ ልዩ ዛፎች ለቀምን፤ ለወፎችም ድርሻቸውን ተውንላቸው። ሥጋውን አሽተን አጥበን፣ ሳናደርቅ በዚያው ቀን ዘራን፤ አፈሩንም በስሱ አለበስነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀያይ ለጋ ቅጠሎች ብቅ ሲሉ የተሰማንን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። ችግኞቹ ሲጠነክሩ ፀሐይ እንዲለምዱ የዳሱን ሣር ቀስ በቀስ አሳሳን።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ መትከል በአገራችን ተለምዷል። ነገር ግን ችግኝ ከሰማይ አይወርድም፤ አስቀድሞ ዘር ለቅሞ የሚያፈላ እጅ ያስፈልገዋል። ከእኛ ሩቅ ያልሆነው የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ160,000 ሄክታር በላይ ነው። በዚያ የጫካው ቡና የሚኖረው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ወላጆቻችን ደብተር የገዙልን ቡና ሸጠው ነውና፣ ጥላውን ማጥፋት የገዛ ቤታችንን ጣሪያ ማፍረስ ነው።

እኛ እንግዲህ ልንለያችሁ ነው። ችግኞቹ ገና ከጉልበት አይደርሱም፤ ወደ ሜዳ የሚወጡት እኛ ከሄድን በኋላ በሚመጣው ክረምት ነው። ታናናሾቻችን ሆይ፣ ውኃ ማጠጫውን ለእናንተ እናስረክባለን። ወላጆቻችንም በቡናችሁ ዳር ለአንድ ችግኝ የሚሆን ቦታ እንድትሰጡን እንለምናችኋለን። ከዚህ የተማርነው ዛሬ መዘራት ያለበትን ለነገ አለማስቀመጥን ነው። ተመልሰን ስንመጣ በጥላው ሥር ተቀምጠን፣ የልጆቻችሁን የጠቆረ አፍ ለማየት እግዚአብሔር ያብቃን።