ስለ ፓፓያ ዘር አያያዝ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



እንደሚታወቀው አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ ፓፓያ ይስማማዋል። ሆኖም «አበባ እንጂ ፍሬ የለውም» እየተባለ በየግቢው የሚቆረጠው ዛፍ በዝቷል። እንግዲህ ነገሩ የመሬቱ ጥፋት አይደለም። ፓፓያ ወንዴ፣ ሴቴና ሁለቱንም ፆታ የያዘ ዛፍ አለው። ዘሩን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚታወቀው ሲያብብ ነው። የወንዴው አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ይንዠረገጋል፤ የሴቴዋ ግን ግንዱ ላይ ተጠግቶ ይወጣል።

ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ 3 ወይም 4 ችግኝ እንትከል። ሲያብቡ የሚያፈራውን አንዱን አስቀርተን ሌላውን እንንቀል። ወንዴውን ግን ከሰፈሩ ጨርሰን አናጥፋ፤ ለ10 ሴቴ አንድ ያስፈልጋል።

ዘር የምንይዘው ከጣፋጭና በሽታ ካልነካው ዛፍ ይሁን። በተለይ ሞላላ ፍሬ የሚሰጠው፣ ሁለቱንም ፆታ የያዘው ዛፍ ይመረጣል። አበባው ሳይፈካ በስስ ጨርቅ ብንሸፍነውና በራሱ ብናኝ ቢያፈራ፣ ከዘሩ ወንዴ አይወጣም። ዘሩን ከለበሰው ስስ ልባስ በአመድ አሽተን፣ አጥበን፣ ጥላ ውስጥ እናድርቀው፤ ልባሱ ካለ ቶሎ አይበቅልም። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ደግሞ አንትከል፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ወገኖቻችን፣ የፓፓያ ምርት ዘመን አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሬው ይቀንሳል። ጥሩው ዛፍ ዘሩ ሳይያዝ ከወደቀ ያንን ጣዕም ልጆቻችን አያገኙትም። ስለዚህ ጥሩ ዛፍ ያለው ሁሉ ከዘሩ ለጎረቤቱ እንዲያካፍል በማኅበራችን ስም በአክብሮት እንጠይቃለን።