ከሚዛኑ በፊት



ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው የምንለግሰው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አፍህን ዝጋ»። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ውለው፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ኩሽና የሚገቡ ሰዎች አሉ። የተረፈውን እንጀራ ከነወጡ፣ ቆመው፣ በጥድፊያ፣ ሆዳቸው እስኪያማቸው ይበላሉ። ሲነጋ ያፍራሉ፤ ከእፍረቱም የተነሣ ቁርሳቸውን ይተዋሉ። ማታ ያው ይደገማል።

ይህ ሆዳምነት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አልበርት ስተንካርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 የሌሊት አበላልን፣ በ1959 ደግሞ ራስን መግታት አቅቶ ያለልክ መብላትን ለውፍረት በሚታከሙ ሰዎች ላይ አይተው ጻፉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 ያለልክ መብላትን ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዘገበው።

ሕመም ከሆነ ሕክምና አለው። በንግግር ሕክምናው ከሚቀድሙት እርምጃዎች አንዱ ጾም መዋል ሳይሆን ቁርስ፣ ምሳና እራትን በሰዓቱ መብላት ነው። ረሃብ ሲጠራቀም ማታ ልጓሙን ይበጥሳልና። ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ማሳነስም ቢሆን ይህን ችግር ብቻውን አይፈታም፤ የአበላል ሁኔታው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ክትትል ይፈልጋል።

እናንተ ለውፍረት የምትታከሙ፣ ስንት ኪሎ እንደሆናችሁ ብቻ ሳይሆን ማታ ማታ የሚሆነውንም ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኛም ዛሬ የምናገኘውን ሰው «ወፍረሃል» ከማለት እንቆጠብ፤ ደኅንነቱን እንጠይቀው።