በርበሬ የሚመረምር አእምሮ ወሬን ለምን አይመረምርም?

(መርካቶ ውስጥ ለተሰበሰቡ ነጋዴዎችና የአዲስ ከተማ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር)



ስለ ሰው አእምሮ ልናገር ወደዚህ ስመጣ አንዳንድ ወዳጆቼ «መርካቶ ውስጥ የሚወራው ስለ ኪስ እንጂ ስለ አእምሮ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ግን የሰው አእምሮ ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ከመርካቶ የተሻለ ትምህርት ቤት ያገኛል ብዬ አላምንም።

ለመሆኑ ይኸ አእምሮ የምንለው ነገር ማደሪያው የት ነው? አንጎል ነው። አንጎላችን ቢመዘን አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኃይል ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። በውስጡ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በላተኛ ነው ማለት ነው! ታዲያ ይህን ሁሉ እየበላ ምን ይሠራል?

ምናለሽ ተራ ግቡና እዩ። ሌላው ሰው «አበቃለት» ብሎ የጣለው ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እንደገና መንገድ ይጀምራል። ያ ባለሙያ መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ምድጃውን በሐሳቡ አይቶታል። የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ማየት፣ ያዩትንም በእጅ አምጥቶ ማቆም፤ የሰው አእምሮ ትልቁ ኃይሉ ይኸ ነው።

ይህን ኃይል ግንብ አያግደውም። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለ ልቦለድ ወደ አማርኛ መለሰ። በምን ላይ ጻፈው? በሲጋራ ፓኮ ወረቀት! 3,000 ገደማ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በድብቅ ከወህኒ ወጥቶ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለ መጽሐፍ ሆነ። ዘበኛው የበሩን ቁልፍ ይዞ ነበር፤ የሰውየውን ጭንቅላት ቁልፍ ግን ማንም አልሰጠውም።

እስቲ አሁን ወደ መራራው ነገር ልግባ።

እናንተ በቀላሉ የምትታለሉ ሰዎች አይደላችሁም። በርበሬ ስትገዙ ሸክላ ተፈጭቶ ተደባልቆበት እንደሆነ ታያላችሁ። ቅቤውን ታሸታላችሁ፤ ሙዝ ገብቶበት እንደሆነ ጣታችሁ ላይ ለቅልቃችሁ ትፈትናላችሁ። አቡጀዲውን በጣታችሁ ታሻላችሁ፣ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ታያላችሁ፣ ክሩን ትስባላችሁ። ሻጩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ ሌላ ሱቅ ሳትጠይቁ ገንዘብ አታወጡም። ጥሩ!

ግን ያው ሰው፣ በዚያው ዕለት ማታ፣ «እነ እንትና ሊጨርሱን ተነሥተዋል» የሚል ወሬ በስልኩ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? አያሸትም። አይመዝንም። እንዳለ ይገዛዋል። መግዛት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በትርፍ ይሸጠዋል እንጂ! ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ የስንቱ ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት አመድ ሆነ። እሳቱ ገና ሳይጠፋ ግን ወሬውም አብሮ ተቀጣጠለ። መልስ በዘገየበት ቦታ ሁሉ ወሬ መልስ ሆኖ ይቀመጣል።

ለምን ይሆን? አእምሮ የተደጋገመን ነገር እውነት ነው ብሎ የመቀበል ደካማ ጎን ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሀሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች እውነትና ሐሰት የተቀላቀሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። የተደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ በተማሪዎቹ ዘንድ እውነት እየመሰሉ ሄዱ።

በዚያው ዓመት እኛ አገር ይኸው ፈተና በሰው ደም ይካሄድ ነበር። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው በያኔው አብዮት አደባባይ ቆሞ ደም መሰል ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰባበረ። «አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮት»፣ «ፀረ ሕዝብ» የሚሉት ቃላት በሬዲዮ ተደጋገሙ፣ በቀበሌ ስብሰባ ተደጋገሙ፣ በመፈክር ተደጋገሙ። በመጨረሻ ቃሉ የሰውየውን ስም ተካው። የጎረቤት ልጅ መሆኑ ቀረና «አናርኪስት» ሆነ። ገደለው የምንለው ጥይቱን ነው፤ ከጥይቱ በፊት ግን ቃሉ ገድሎት ነበር።

ጎበዝ! ዛሬስ? ቃላቱ ተለወጡ እንጂ ድግግሞሹ መች ቀረ? በዘር ስም፣ በሃይማኖት ስም ስንት አዳዲስ ቅጽል ተፈልፍሏል? አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በዚህ ገበያ ከየአገሩ የመጣ ሰው ለዘመናት አብሮ ሸጧል፣ አብሮ እቁብ ጥሏል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው በጆሮው የሰማውን ሲያምን ያሳዝናል።

መድኃኒቱን ከውጭ አገር አናስመጣም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአክሱም አካባቢ ተወለደ የሚባለው ዘርአ ያዕቆብ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ስደት ሲመጣበት ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያም የተነገረውን ሁሉ በልቡናው እየመረመረ ተመራመረ። መጽሐፉ «ሐተታ» መባሉ ለዚህ ነው፤ ምርመራ ማለት ነው። «መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነርን የመሰሉ ደግሞ «የለም፣ የኢትዮጵያዊ ነው» ብለው ተከራክረዋል። እኔ በዚህ ክርክር አልከፋም። መርምሩ የሚል መጽሐፍ ራሱ ቢመረመር ምን ነውር አለው?

እንግዲህ ወሬ ሲመጣባችሁ በራሳችሁ የገበያ ሕግ ዳኙት። አንደኛ፣ ዕቃው ከየት መጣ? ያየው ማነው? «ሲሉ ሰማሁ» የሚል ደረሰኝ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በዚህ ወሬ የሚያተርፈው ማነው? ሦስተኛ፣ ሌላ ሱቅ ጠይቃችኋል? ያኛው ወገን ምን ይላል? ይህን የምላችሁ የመንግሥትን ወሬ ብቻ እንድትፈትሹ አይደለም። የተቃዋሚውንም ፈትሹ፣ የጋዜጣውንም ፈትሹ፣ አሁን የምናገረውን የእኔንም ጨምራችሁ!

«አትጠይቅ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ደግሞ ባለሥልጣንም ይሁን ሰባኪ ወይም የፓርቲ መሪ፣ ሚዛኑን ከባንኮኒ ሥር እንደደበቀ ነጋዴ ቁጠሩት። ሚዛኑ ትክክል የሆነ ሰው ምን አስደበቀው?

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ያሉት በከንቱ አይደለም። በርበሬው ቢበላሽ የሚበላሸው ወጥ ነው። ወሬው ሲበላሽ ግን የሚፈሰው የጎረቤት ልጅ ደም ነው።