የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮና የሙዚቃ ሥርጭት፤ የሂዩስተን 91.7 ታሪክ



በአሜሪካ የሬዲዮ ሥርጭት ታሪክ ውስጥ ማንኛውም መሐንዲስ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ውሳኔ አለ። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1945 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤፍ.ኤም.ን አገልግሎት ወደ አዲስ ባንድ ሲያዛውር፣ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያሉትን 20 ቻናሎች ለንግድ ላልቆሙ የትምህርት ጣቢያዎች ለይቶ አስቀመጠ። በ1948 ደግሞ በ10 ዋት ብቻ ለመሥራት የሚያስችል ፈቃድ ተጨመረ፤ ከዚህም የተነሣ አንድ ኮሌጅ በጥቂት ወጪ ጣቢያ ሊያቆም ቻለ። የማስታወቂያ ገበያ የማይፈልገው ሙዚቃ፣ ክላሲካሉም ጃዙም፣ ስሙ ያልተሰማ የሰፈር ሙዚቀኛም፣ መጠጊያ ካገኘባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ይኸው ጠባብ ክልል ነው።

ሆኖም ሕጉ ቻናሉን ከነጋዴው ጠበቀው እንጂ ከባለፈቃዱ ከዩኒቨርሲቲው አልጠበቀውም። በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል።

የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1967 በመኖሪያ ሕንፃቸው ውስጥ እንደ ጨዋታ የጀመሩት ሥርጭት በ1971 የኤፍ.ኤም. ፈቃድ አግኝቶ በ10 ዋት ይሰማ ጀመር። ኬ.ቲ.አር.ዩ. የተባለው ይህ ጣቢያ በ1991 በ91.7 ሜጋኸርትዝ ወደ 50,000 ዋት አደገ። በዚህ ኃይል ሌላ ጣቢያ የማያጫውተውን ሙዚቃ ሲያሰማ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። ነገር ግን በ2010 ዩኒቨርሲቲው ድርድሩን ለተማሪዎቹ ሳያሳውቅ ፈቃዱንና ማሰራጫውን በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። አድማጩ ጥቂት ነው፤ ተማሪዎቹም በኢንተርኔት ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ የቀረበው ምክንያት ይህ ነበር።

ገዢው የንግድ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ፤ ገዢው ግን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በ1953 የአሜሪካን የመጀመሪያ የትምህርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ያቆመ ተቋም ነው። በ88.7 ሜጋኸርትዝ ዜናና ክላሲካል ሙዚቃ እያፈራረቀ ያሰራጭ ስለ ነበር፣ በ2011 ርክክቡ ሲፈጸም 88.7ን ለዜና ብቻ አድርጎ ሙዚቃውን ወደ 91.7 አዛወረ። የአንዱ ሙዚቃ ቤት ያገኘው የሌላው ሙዚቃ ከቤቱ ወጥቶ ነው። ክላሲካሉም ቢሆን ብዙ አልሰነበተበትም፤ ያው ዩኒቨርሲቲ በ2016 ጣቢያውን በ10 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ሃይማኖታዊ አሰራጭ ሸጠው። ገዢው ለንግድ ያልቆመ በመሆኑ በዚህ ሁሉ ሽግግር መካከል ሕግ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጣሰም።

ከአየር የወረደው ሙዚቃ ሁለቱንም ጊዜ የተሰጠው ካሣ ተመሳሳይ ነበር፤ ኢንተርኔትና በሌላ ጣቢያ ላይ የሚደረብ ዲጂታል ንዑስ ቻናል። የዚህን ካሣ ልክ መመርመር የመሐንዲስ ሥራ ነው። ዲጂታሉ ምልክት ከአናሎጉ ግራና ቀኝ በሚገኝ ጠባብ ስፍራ ይጓዛል፤ ኃይሉ በመጀመሪያ ከአናሎጉ አንድ መቶኛ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ እስከ አንድ ዐሥረኛ ተፈቀደ። ለዚሁ የተሠራ ተቀባይም ያስፈልገዋል። በአሮጌ መኪና ሬዲዮ ቁልፉን ሲያዞር ያላሰበውን ሙዚቃ ያገኝ የነበረ ሰው በንዑስ ቻናል ላይ ምንም አይገጥመውም። በኢንተርኔትም የሚደርስበት አስቀድሞ የሚያውቀውና ፈልጎት የሚሄደው ነው። ያልታወቀ ሙዚቃ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ያልፈለገውን አድማጭ ነው፤ ይህ በሽያጩ ሒሳብ ውስጥ ዋጋ አልወጣለትም።

የራይስ ተማሪዎች በ2015 በ96.1 ሜጋኸርትዝ ወደ አየር ተመለሱ። የያዙት ፈቃድ የአነስተኛ ኃይል ፈቃድ ሲሆን ለዚህ ዓይነት ጣቢያ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ኃይል 100 ዋት ነው። ከቀድሞው 50,000 ዋት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ቢያንስ 500 እጥፍ፣ ማለትም 27 ዴሲቤል ያህል ይሆናል፤ የሞገዱ ጥንካሬ የኃይሉን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል፣ የአንቴናው ከፍታ ሳይቆጠር፣ በአንድ ቦታ ላይ ከ22 እጥፍ በላይ ይደክማል። የእንዲህ ዓይነት ጣቢያ የተለመደው የአገልግሎት ክልል በግምት 5.6 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ሲሆን፣ ሂዩስተን ደግሞ እጅግ የተንጣለለች ከተማ ናት። 96.1ም ቢሆን በ1945 ለትምህርት ከተለየው ክልል ውጭ፣ በንግድ ጣቢያዎች መካከል የሚገኝ ስፍራ ነው።