ስለ ገመድ አልባ ማይክሮፎን አዘገጃጀትና አሠራር ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የታዘዝሁት ነገር፥ ለዓይን ትንሽ ለሥራ ግን ከባድ የሆነ አንድ መሣሪያ ነው። ይኸውም በእጅ ተይዞ ወይም በልብስ ላይ ተሰክቶ የሰውን ድምፅ ያለ ገመድ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያደርሰው ዲጂታል ማይክሮፎን ነው። እኔ የጽሕፈት ሰው ነኝ እንጂ የመሣሪያ ባለሙያ አይደለሁም፤ በልጅነቴም የተማርሁት ንባብና ዜማ ነው። ነገር ግን መሣሪያው በጽሕፈት ቤቴ ሣጥን ተቀምጦ ቍልፉ በእጄ ስለ ሆነ፥ አሠራሩን አብሮት በመጣው መጽሐፍ እየተመራሁ፥ ይልቁንም በገዛ ስሕተቴ እየተገሠጽሁ ተማርሁት። ስለዚህ አስቀድሜ ስሕተቴን እነግራችኋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር በምሠራበት ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የጉባኤውም ጉዳይ ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ልጆች ለፈተና እንዲዘጋጁ በየቀኑ 1 ሰዓት ጨምረው እንዲቈዩ ነበር። ሕዝቡ ብዙ፥ ነፋሱም ብርቱ ስለ ነበረ፥ መናገር የፈለገ ሁሉ በማይክሮፎን ይናገር ነበር። በመጨረሻም ከወንዝ ማዶ የመጡ አንዲት ባልቴት ተነሡ፤ ማይክሮፎኑም በሰው መካከል አልፎ እስከ ሜዳው ዳር ድረስ ተወሰደላቸው። «ስለ ልጆቻችን ስለ ደከማችሁ እናመሰግናለን» ሲሉ ሁላችን ሰማን። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተቋረጠ። በመካከላችን ሰው ቆሞ ስለ ነበር ከመድረኩ አፋቸውን ማየት አልተቻለም። እኛም ምስጋናቸውን የፈጸሙ መስሎን አጨበጨብን፤ ነገሩም በዚያው ጸደቀ።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወንዙ ከሰዓት በኋላ ሞላ፤ የማዶዎቹም ልጆች መሻገር ተሳናቸው። በዚህ በኩል በየሰዉ ቤት ተበትነው አደሩ፤ እናቶቻቸውም በማዶ ሆነው ስማቸውን ሲጠሩ አመሹ። ምስጋና ይግባውና የጠፋ ልጅ አልነበረም። በማግሥቱ ወደ ባልቴቲቱ ሄጄ፥ «እማማ፥ ስለ ምን ይህን በጉባኤው ቀን አልነገሩንም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ተናግሬ ነበር እኮ። ከ10 ሰዓት በኋላ የደጋው ዝናብ ወንዙን ይሞላዋል፥ ልጆቹ ቀደም ብለው ይለቀቁ ብዬ ነበር። ተጨበጨበ። እኔም ሰምተው የናቁኝ መሰለኝና ተቀመጥሁ» አሉኝ። በአጠገባቸው የነበሩትም ሰዎች ቃላቸውን ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን መድረኩም እንደ እነርሱ የሰማ መሰላቸው። በዚያ ጧት የማይክሮፎኑን ባትሪ ሳልመረምር ያስረከብሁ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ የነገሬ ሁሉ ራስ ይህ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚናገር ሰው የገዛ ድምፁን በጆሮው ስለሚሰማ፥ ሌላው እንዳልሰማው አያውቅም። የሚሰማውም ሰው ያልደረሰውን ቃል እንዳልደረሰው አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያውን ማሰናዳትና መስማቱን በምስክር ማረጋገጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን የፍርድ ሥራ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። ዲጂታል ማስተላለፊያ እንደ ጸሓፊ ነው። የተናጋሪውን ድምፅ፥ በብዙዎቹ መሣሪያዎች በ1 ሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ፥ ልኩን በቍጥር ይጽፈዋል፤ ቍጥሩንም በራዲዮ ሞገድ ይልከዋል። ተቀባዩ ደግሞ እንደ አንባቢ ነው፤ የተላከውን ቍጥር አንብቦ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በቀድሞው ዓይነት ማይክሮፎን፥ ማለት አናሎግ በሚባለው፥ ሞገዱ ሲደክም ድምፁ አስቀድሞ ያሽ ያሽ ይላልና ሰው ይጠነቀቃል። ዲጂታሉ ግን ጽሕፈቱ ጥቂት ቢደመሰስ አርሞ ያነባል፤ እጅግ ሲደመሰስ ግን ስሕተት ከማንበብ ዝም ማለትን ይመርጣል። እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ተሰምቶ ድንገት ይጠፋል። ባልቴቲቱን ያገኛቸው ይህ ነው። ስለዚህ የድምፁን ጥራት ሰምታችሁ ደኅና ነው አትበሉ፤ በተቀባዩ ላይ ያሉትን የሞገድና የባትሪ ምልክቶች ተመልከቱ።

አሁን አዘገጃጀቱን በተራ እናገራለሁ።

1ኛ፥ ተቀባዩን አስቀምጡ። የማስተላለፊያው የመላክ ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ በብዙዎቹ 10 ሚሊዋት ያህል ነው፥ ይህም የ1 ዋት መቶኛ እጅ ማለት ነው። የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ሞገዱን ይውጠዋል። ስለዚህ ተቀባዩን ከጠረጴዛ ሥር ወይም በብረት ሣጥን ውስጥ አታኑሩት፤ ከተቀመጠው ሕዝብ ራስ በላይ፥ ማይክሮፎኑ ከሚዞርበት ስፍራ ሁሉ በሚታይበት ከፍታ አኑሩት። ሁለት አንቴና ያለው እንደ ሆነ ሁለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርጉአቸው፤ አንዱ ያጣውን ሞገድ ሌላው ይቀበላልና። በመጽሐፉ ላይ የሚጻፈው ርቀት አንዳች ነገር በማይጋርድበት ስፍራ የተለካ መሆኑን አትርሱ፤ ሰው በበዛበት ጉባኤ ርቀቱ እጅግ ያንሳል።

2ኛ፥ ንጹሕ ሞገድ ፈልጉ። አስቀድማችሁ ማስተላለፊያዎችን ሁሉ አጥፉ፤ በጉባኤው ሰዓት የሚሠሩትን ሌሎች መሣሪያዎች ግን አብሩ። ከዚያም ተቀባዩ ራሱ ያልተያዘ ሞገድ እንዲፈልግ የፍለጋውን ቍልፍ ተጫኑ። ሁለት ማይክሮፎን ያላችሁ እንደ ሆነ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሞገድ ስጡት፤ ሁለት ማስተላለፊያዎች በአንድ ሞገድ ላይ ቢሠሩ ይጣላሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ ሞገዱን ከዋይፋይ ጋር ይካፈላልና፥ ብዙ ስልክና ኮምፒውተር ባለበት ስፍራ ተቀባዩን ከዋይፋዩ አርቁት።

በዚህ ላይ ስለ ስጦታ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለተማሩበት ትምህርት ቤት መሣሪያ መላካቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ በገመድ አልባ ማይክሮፎን መሥራት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ከ600 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውም አብዛኛው ክፍል ለስልክ ኩባንያዎች ስለ ተሸጠ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል። አሮጌው ዕቃ የሚረክሰው አንዳንድ ጊዜ ስለዚህ ነው። እንግዲህ ለመግዛትም ሆነ ለመቀበል ከመስማማታችሁ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን የሞገድ ቍጥር ጠይቁ፤ በአገራችንም የተፈቀደ መሆኑን በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስረዱ።

3ኛ፥ ማስተላለፊያውንና ተቀባዩን አስማሙ። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህ የሚደረገው ኢንፍራሬድ በሚባለው ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። የማስተላለፊያውን ትንሽ መስኮት ከተቀባዩ መስኮት ፊት ለፊት ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት አድርጋችሁ የማስማሚያውን ቍልፍ ተጫኑ፤ ተቀባዩ የመረጠውን ሞገድ ለማስተላለፊያው ይነግረዋል። በተቀባዩ ላይ የሞገዱ ምልክት ሲበራ ተስማምተዋል ማለት ነው።

4ኛ፥ ባትሪውን መርምሩ። ባለ ድንጋይ መሣሪያ የሆነ እንደ ሆነ አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው ጋር አታደባልቁ። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ እየተሞላ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ 1.2 ቮልት ነውና፥ መሣሪያው የባትሪውን ዓይነት የሚጠይቅ ከሆነ እውነተኛውን ንገሩት፤ ያለዚያ የባትሪው ምልክት ይዋሻል። ለጉባኤ ቀን ሁልጊዜ መለወጫ ድንጋይ በኪሳችሁ ይኑር። የአንድ ጥንድ ድንጋይ ዋጋ ከአንድ ሰው ቃል ዋጋ ጋር አይመዛዘንም።

5ኛ፥ የድምፁን ልክ አስተካክሉ። በጉባኤው እንደምትናገሩበት ድምፅ እንጂ በሹክሹክታ አትሞክሩ። ከፍ ባለ ድምፅ ስትናገሩ ቀዩ መብራት የሚበራ ከሆነ ልኩ በዝቷልና ቀንሱ፤ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። ማይክሮፎኑን ከአፍ አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ያዙ። ራሱን በእጅ አትሸፍኑ፥ ያፏጫልና፤ ታችኛውንም ጫፍ አትጨብጡ፥ በብዙዎቹ አንቴናው በዚያ ነውና። በወገብ የሚታጠቀውም ዓይነት ከሆነ አንቴናውን አትጠቅልሉት። ከሞንታርቦው ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ፉጨት ያስነሣል፤ ከእርሱ የወጣው ድምፅ ተመልሶ በማይክሮፎኑ ይገባልና። ስለዚህ ሞንታርቦው ከተናጋሪው ወደ ፊት ይቁም።

6ኛ፥ በእግር እየሄዳችሁ ፈትኑት። አንድ ሰው ማይክሮፎኑን ይዞ እየቈጠረ እስከ መጨረሻው ተቀማጭ ስፍራ ድረስ ይዙር፤ ሌላው በተቀባዩ አጠገብ ቆሞ ምልክቱን ይመልከት፤ ቍጥሩ የተቋረጠበትንም ስፍራ ያስታውስ። ሕዝብ ሲሞላ ሞገዱ ይብስ እንደሚደክም አስባችሁ፥ በባዶ ሜዳ አጠራጣሪ የሆነውን ስፍራ እንደማይሠራ ቍጠሩት። በዚያ የሚቀመጥ ሰው ለመናገር ሲነሣ ወደ ፊት ይጠራ።

ከዚህም ሌላ ስለ ድምፅ መዝጊያው ቍልፍ ማስጠንቀቅ ይገባኛል። በልብሱ ላይ ማይክሮፎን የሰካ ሰው ከመድረክ ወርዶ ስለ አንድ ልጅ ነውር ከባልንጀራው ጋር ቢነጋገር፥ ቍልፉ ክፍት ከሆነ ሜዳው ሁሉ ይሰማዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ ያን ቃል ማንም አይመልሰውም። እንግዲህ ከመድረክ የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ ይዝጋ። የሚናገርም ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መክፈቱን ይመልከት። አንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ የሚልከውን ቃል በምስጢር ቍጥር ያሽገዋል፤ ይህ ግን በሞገድ ከሚሰርቅ ይጠብቃል እንጂ ከተከፈተ ማይክሮፎን አይጠብቅም።

ሥራው ሲፈጸም ማስተላለፊያውን አጥፉ፤ ብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ ድንጋዩን አውጡ፥ አለዚያ ፈሳሹ ወጥቶ መሣሪያውን ይበላዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ አቧራና እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ አኑሩት። መብራት በጠፋ ጊዜ ተቀባዩም ሞንታርቦውም ዝም ማለታቸው አይቀርምና፥ የጉባኤውን መንበር ያለ ማይክሮፎን መሰማት በሚቻልበት ስፍራ ማድረግ አስተዋይነት ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርሁት የመምህራኑ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ግን ከዚህ ይበልጣል። ከዚያ የሰኔ ወር ወዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ሁለት ሥርዓት ተደርጓል። አንዱ፥ በሜዳው ዳር አንድ የታመነ ሰው ይቆማል፤ ቃሉ በሞንታርቦው ካልተሰማ ወዲያው እጁን ያነሣል፥ ተናጋሪውም ይደግማል። ሁለተኛው፥ ሊቀ መንበሩ ነገሩን ከማጽደቁ በፊት የተናጋሪውን ቃል በአጭሩ መልሶ ይናገራል፤ «እንዲህ ብለሃል፥ እንዲህ ብለሻል፥ ልክ ነውን?» ብሎም ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት ድንጋይም ሞገድም አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ እነዚያ ባልቴት ዳግመኛ ተነሡ፤ በመካከሉም ድምፃቸው ተቋረጠ። በዳር የቆመው ሰው እጁን አነሣ፤ ጉባኤውም ዝም ብሎ ጠበቃቸው። የባትሪውን ድንጋይ ለውጬ ማይክሮፎኑን በእጃቸው መለስሁላቸው፤ ንግግራቸውንም ከመጀመሪያው ጀመሩ።

መሣሪያው ድምፅን ያጐላል እንጂ ሰውን አያዳምጥም፤ ማዳመጥ የእኛ ሥራ ነው።