በሁለት ባንኮች መካከል፦ የኢንተርፕራይዝ አርክቴክት ሥራና ኃላፊነቱ



ንግግሬን ከዚሁ ከአካባቢያችን ልጀምር። አንድ የእንጅባራ ነጋዴ የዲከረንስ ከሰል ጭኖ ለአዲስ አበባ ደንበኛው ላከ እንበል። ገዢው ክፍያውን በስልኩ ከሌላ ባንክ ያስተላልፋል። ብሩ ከገዢው ሒሳብ ተቀንሷል፤ ነጋዴው ዘንድ ግን አልደረሰም። ሁለቱም ባንኮች «በእኛ በኩል ችግር የለም» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነውና። ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት የምንለው ባለሙያ ዋና የሥራ ቦታው ይህ መካከል ነው።

አንድ ባንክ የደንበኞችን ሒሳብ የሚይዝ ኮር ባንኪንግ፣ የኤቲኤም ሥርዓት፣ የሞባይል መተግበሪያ፣ እንዲሁም ባንኮችን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ከኢትስዊች ጋር የሚያያይዝ መስመር አለው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትስስሩ ይበልጥ ሰፍቷል። እነዚህ ሥርዓቶች በተለያየ ዘመን፣ ከተለያየ አቅራቢ የተገዙ ናቸው። አርክቴክቱ የእያንዳንዱን ፕሮግራም አይጽፍም፤ የቀሪ ሒሳብ እውነት የትኛው ዘንድ እንደሚገኝ፣ ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ መልስ ሲዘገይም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወስናል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። መልስ ያልመጣለት ክፍያ «አልተሳካም» ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ዳግም ሲላክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ያንኑ መለያ ቁጥር ይዞ መሄድ አለበት። ክፍያው ካልተፈጸመ ገንዘቡ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በቀኑ መጨረሻም የሁለቱ ወገን መዝገብ ይመሳከራል።

የዚህ ሥራ ክብደት ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በመላ አገሪቱ ታይቷል። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ከእነርሱም ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም። ባንኩ መጠኑ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታውቋል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ እክል መሆኑን ገልጿል። አጥር የጣሰ ጠላት አልነበረም ማለት ነው፤ እክሉ የመጣው ከዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ስለሆነም ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ይህን ስንነካ ሌላ ምን ይነቃነቃል? ቀሪ ሒሳቡን ማረጋገጥ ያልቻለ ማሽን ይከፍላል ወይስ ይከለክላል? ሁለተኛው የቴክኒክ ጥያቄ ቢመስልም ውሳኔው የባንኩ አመራር ነው፤ የአርክቴክቱ ድርሻ ሳይወሰን እንዳይታለፍ ማድረግ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ኮድ መጻፍን በሚገባ ተማሩ። ከዚያ ጋር ግን የጻፋችሁት ነገር ማንን እንደሚነካ መጠየቅን ልማድ አድርጉ። ያ ነጋዴ የሥርዓቶቹን ስም አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የሚያውቀው የላቡ ዋጋ መድረሱን ወይም አለመድረሱን ብቻ ነው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።